ደም የሌለው እንስሳ

መምህር ደሞዜ ደክሟቸዋል። ሃያ ሰባት ዓመት ደብረ ታቦር ላይ ባዮሎጂ ማስተማር ጉልበት ይጨርሳል። ዛሬ ደግሞ ከክፍሉ መጨረሻ ሱፐርቫይዘሩ አምላኩ የግምገማ ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀምጧል። ትምህርቱ ካማረላቸው እዚሁ ከተማ ይቆያሉ፤ ካላማረ በመስከረም ጉና ተራራ ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ያን ዳገትና ያን ብርድ ጉልበታቸው እንደማይችለው ባለቤታቸው አለምወርቅ ሌሊቱን ሙሉ ስትነግራቸው አድራለች፤ እሳቸው የማያውቁት ይመስል።

የዕለቱ ርእስ ጥድንና ጄሊፊሽ የተባለውን የባሕር እንስሳ ማነጻጸር ነው። ጥዱ አያስቸግርም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጥድ በመስኮት ይታያል። ባሕር ግን እንኳን ተማሪው መምህሩም አይተው አያውቁም። እንደ ዘወትሩ ለታቦት የሚዘረጋውን ጥላ የመሰለ ነገር ከነዘርፉ ሰሌዳው ላይ ሣሉ።

«መክሊት፣ ከሁለቱ እንስሳው የቱ ነው?» አሉ፤ ጎበዟን መርጠው መጥራታቸው ነበር።

መክሊት ብድግ አለች። «ሁለቱም ዕፅዋት ናቸው፣ መምህር። ጄሊፊሽ ደም የለው፣ አጥንት የለው፣ ልብ የለው። ደም ከሌለው የጾም ነው።»

ክፍሉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። አምላኩ እስክሪብቶውን አነሳ።

ደሞዜ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። አምና ፈተና ሲቃረብ፣ ጉሮሯቸው ደርቆ፣ «ልጆች አትጨነቁ፤ ዕፅ የጾም፣ እንስሳ የፍስክ ነው፤ በቃ!» ያሉት ራሳቸው ናቸው። ስንፍና አልነበረም፤ ድካም ነበር። ልጆቹ ግን ሌላውን ሁሉ ረስተው እሷኑ ይዘዋል። የዘሩትን ማጨድ አይቀርም።

ደወሉ ሲደወል አምላኩ ጠጋ አለ፤ የድሮ ተማሪያቸው ነው። «መምህር፣ ልጅቷ ሳታጠና መጥታ ነው ብዬ ልጻፈው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እንዴት ቀላል ነበር! ደሞዜ መክሊትን አዩዋት፤ አንገቷን ደፍታ ደብተሯን ትሰበስባለች።

«እሷማ ያስተማርኳትን ነው የመለሰችው። የመምህሩ ስህተት ነው ብለህ ጻፍ።»

አምላኩም ጻፈ።

በመስከረም ደሞዜ የጉናን ዳገት ሦስት ጊዜ አርፈው ወጡ። በብርድ በደነዘዘ እጃቸው ጥላውን ከነዘርፉ፣ ከጎኑም ጥድ ሣሉ። «ጥድ ምግቡን በፀሐይ ይሠራል፤ ይሄኛው አድኖ ይበላል። ልዩነቱ ይሄ ነው» አሉ።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ በጾም ሰው ይበላዋል?»

«እሱን ቄሱን ጠይቂ።» ወንበር ስበው ሊቀመጡ ነበር፤ ጉልበታቸው እየለመናቸው። ከዚያ ተዉትና ጠመኔውን አንስተው ከመጀመሪያው ጀመሩ።