የብዙነሽ ነጭ ማድቤት

እኔ አስፋው ጎሚስታ ነኝ። መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የአይሱዙ ጎማ በግማሽ ሰዓት ፈትቼ፣ ጠግኜ፣ ነፍቼ፣ መልሼ ገጥሜ «መልካም መንገድ» የምል ሰው ነኝ። ሹፌር ይጠብቃል እንዴ! ሰው ሁሉ እንደኔ የሚሠራ መስሎኝ ነው እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባሁት። ሦስት በአራት የሆነች አንዲት ማድቤት ከጥምቀት እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አንጨረጨረችኝ ብል ማን ያምነኛል?

ነገሩ የመጣው በባለቤቴ በብዙነሽ ዓይን ነው። ብዙነሽ የውርጌሳ ልጅ ናት፤ ከተጋባን ሃያ ሁለት ዓመታችን። ይህን ሁሉ ዓመት መስኮት በሌላት የጭቃ ማድቤታችን ውስጥ ስትጨናበስ ኖራ፣ ትራኮማም ተጨምሮባት በመጨረሻ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኗን ይወጋት ጀመር። ወልድያ ሆስፒታል ወስጄ ዓይኗን አሳከምኳት። እዚያ ያለችው ነርስ፣ እየሩሳሌም የምትባል ልጅ፣ ወደ ጥግ ወሰደችኝና «ጋሽ አስፋው፣ የግራው ዓይናቸው ጠባሳ ጥሏል፣ አይመለስም። የቀራቸው ቀኙ ነው። ጭስ ካልቀረ እሱንም ያጡታል» አለችኝ። ጭስ የሌለበት ማድቤት ልሠራላት በማተቤ ማልኩ።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። አሮጌውን ማፍረስ፣ በብሎኬት መሥራት፣ ከፍ ያለ የሲሚንቶ ምድጃ፣ ከላዩ የጭስ ማውጫ፣ ግድግዳውና መደቡ ነጭ ሴራሚክ። ሁለት ሳምንት! ለዚያች ሁለት ሳምንት አጥሩ ጥግ ላስቲክ ወጠርንላትና ብዙነሽ ጉልቻዋን ይዛ ወጣች። ጎረቤታችን አሰለፈች በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «አስፋው፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ!» ብላ ሳቀችብኝ።

«ስለ ወጡ ማን አወራ! ስለ ዓይኗ ነው!» ብዬ ጮኽኩባት። መጮህ እንደሆነ አይከብደኝም።

ግንበኛው አብርሃም ይባላል፤ ከጉባ ላፍቶ ደጋ የወረደ ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ አልዋሽም። ጥር ሃያ መሠረቱን ቆፈረ። በማግሥቱ የለም። ቤቱ ድረስ ሄድኩ፤ ነጠላውን አጣፍቶ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አገኘሁት።

«አብርሃም፣ ምን ሆነህ ቀረህ?»

«ኧረ ጋሽ አስፋው! ዛሬ እኮ አስተርእዮ ማርያም ናት።»

እሺ፣ ማርያም ናት፤ እኔም ክርስቲያን ነኝ። ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ ሆነ። ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። ወሩ ሲጠባ ልደታ፣ አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል። በመሃል ደግሞ ሰንበት አለ። «እኔ በጊዮርጊስ ጎማ እጠግን የለም እንዴ!» ስለው «ጋሽ አስፋው፣ ጎማ ሌላ፣ ድንጋይ ሌላ። በበዓል መዶሻ ያነሳ ጣቱን ነው የሚመታው» አለኝ። አማኝ ሰው ምን ትለዋለህ?

ሴራሚክ የሚያነጥፈው ሙሐመድዘይን የግራና ከተማ ልጅ ነው። «የእነ አብርሃም በዓል እኔን አይመለከተኝም፣ ኢንሻአላህ ቶሎ እንጨርሳለን» ሲለኝ ደስ አለኝ። ግድግዳው ያለቀው ሐሙስ ማታ ነው። በማግሥቱ ጁምዓ። ከጁምዓ በኋላ ግራና የአክስቱ ልጅ ሞተችና ለቅሶ ሄደ። ለቅሶ የሄደን ሰው ና ሥራ አይባልም፤ እኔም ሄጄ ደረስኩት። እሱ ሲመለስ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ዘንድሮ ተያይዘው ገቡ። አንዱ እስከ ቅዳሴ መውጫ አይቀምስ፣ ሌላው እስከ መግሪብ ውኃ አይጠጣ። ስድስት ሰዓት ላይ ስመጣ ሁለቱም አንዱ ጥላ ሥር ጎን ለጎን ተኝተዋል። በምን አንደበቴ ልቀስቅሳቸው!

ሰው ሁሉ በዓል ሲያከብር ጭሱ ብቻ በዓል አልነበረውም። ላስቲኩ ሥር ነፋሱ እያዞረ ፊቷ ላይ ይለቅባታል። ማታ ስገባ ቀኝ ዓይኗ በርበሬ መስሎ ይጠብቀኛል። «ደህና ነኝ፣ ተወው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ጠዋት ተነስቼ አብርሃም ላይ እጮሃለሁ።

ቆርቆሮው ተመታ፤ ምድጃው ቆመ። ገብቼ አየሁት። ዞሬ አየሁት።

«አብርሃም፣ ጭስ ማውጫውስ?»

አብርሃም ግድግዳውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። «ወይኔ! ረሳሁት።»

የቱን ረሳህ! የተሠራው ለሱ፣ የተጮኸው ለሱ! የዚያን ቀን ያልተናገርኩት የለም። ግድግዳውን አፍርሶ እንዲያወጣው ስነግረው ሁለት ቀን እንድታገሠው ለመነኝ፤ ገብርኤል ነበር።

ሁሉ ነገር መጨረሻ አለውና ጭስ ማውጫውም ወጥቶ በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት አለቀ። ነጭ! ፊት ያሳያል። ብዙነሽ እልል ብላ ገባችና ጥላሸት የጠጣውን ብረት ድስቷን መደቡ ላይ አኖረችው። ስታነሳው ክብ ጥቁር ምልክት ቀረ። እኔም ደሜ ፈላ።

«ምነው ብዙነሽ! ሦስት ወር የተቃጠልኩበትን በአንድ ቀን ታጠቁሪው? ሰው ሲያየው ምን ይላል?»

በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ከዚያ ወዲህ ማድቤቱ ጠብ የሚል እድፍ የለበትም። የማውቀውን ሹፌር ሁሉ እያመጣሁ አሳያለሁ። «ይሄ ማድቤት ነው ክሊኒክ?» ይሉኛል፤ ደረቴ ይነፋል። ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል። «ይህን ላስቲክ ለምን አታነሺውም?» ስላት «እንጨት ላስቀምጥበት» አለችኝ። እኔም አመንኩ።

ወሩ ሲሞላ ለምርመራ ወልድያ ወሰድኳት። እየሩሳሌም በባትሪ ቀኝ ዓይኗን አየች፤ ደግማ አየች። ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሽ አስፋው፣ ብሶበታል። ጭሱ አልቀረም።»

«የምን ጭስ!» አልኩ፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። «ሄደሽ እዪው! በብሎኬት ሠርቼ፣ ሴራሚክ አንጥፌ፣ ግድግዳ አስፈርሼ ጭስ ማውጫ አውጥቼ! ምን ጎደለና ነው እንደዚህ የምትዪኝ?»

ልጅቷ ወደ ብዙነሽ ጎንበስ አለች። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ። የት ነው የሚያበስሉት?»

ብዙነሽ እጇን እጇን አየች። «ላስቲኩ ሥር።»

«አዲሱስ?»

«አዲሱ ይቆሽሻል፣ ልጄ። ሲቆሽሽ እሱ ይጮኻል። ጭሱን ለምጄዋለሁ፤ ጩኸቱን ነው ያልቻልኩት።»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከወልድያ መርሳ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተመለስን።

ቤት እንደደረስን ላስቲኩን ቀድጄ ጣልኩት። ድስቱን ከነጥላሸቱ አቅፌ ገባሁና ነጩ መደብ ላይ አስቀመጥኩት፤ እጄም ሸሚዜም ጠቆረ። ከዚያ ምድጃው ላይ እሳት አነደድኩ። ጭሱ ወደ ላይ ሄደ።

«ነይ ግቢ፣ ብዙዬ» አልኳት።

አልገባችም። በሩ ላይ ቆማ፣ የነጠላዋን ጫፍ በእጇ ይዛ፣ ፊቴን ፊቴን ታየኝ ነበር።