ሙሌን ያሰረው የእናቴ መቀነት

የጊዮርጊስ ደወል ሲደወል ዛሬም እጄ ሳላዘው ሄዶ ወገቤን ይይዛል። ልጅ ሳለሁ አንድ ጠዋት ይኸው ደወል ሲደወል፣ ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ፣ እኛ ሙሌ የምንለው፣ ከእጄ ተፈትልኮ ድምፁን ተከትሎ ምኒልክ አደባባይ መሀል ገባ። ታክሲው ሲጢጥ ብሎ አፍንጫው ሥር ቆመ። እሱ መኪናውን ዞር ብሎም ሳያይ ወደ ደወሉ እያየ ይስቅ ነበር። ወያላው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አንቺ፣ ይኼ ልጅ ባለቤት የለውም እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። ሙሌ አፉን ያልፈታ፣ አደጋ የሚባል ነገር የማያውቅ ልጅ መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ሊሞትብን እንደሚችል የገባኝ ግን ያን ጠዋት ነው።

እማዬ ስትሰማ አልመታችኝም። ረጅሙን መቀነቷን ፈትታ፣ አንዱን ጫፍ በእሱ ወገብ፣ ሌላውን በራሷ ወገብ ቋጠረች። ከዚያ ወዲያ ጉልት ሽንኩርትና ቃሪያ ስትሸጥ እሱም አጠገቧ ተቀምጦ ይወዛወዝ ነበር። የሰፈር ጎረምሶች ሲያልፉ «እትዬ ወርቄ፣ በጉ ስንት ነው?» ይሏት ነበር፤ እሷም ከሽንኩርቷ ቀና ሳትል «አይሸጥም፤ ለራሴ ያሰርኩት ነው» ትላቸው ነበር። ስቀው ካለፉ በኋላ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ።

ክረምት እፎይታችን ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሙሌ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጸጥ ይል ነበር፤ እማዬም መቀነቱን ፈትታ ወገቧን ታሳርፍ ነበር። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ደወሉም ጥርት ብሎ ይሰማና መከራችን እንደ አዲስ ይጀምር ነበር። ያኔ የግቢያችንን በር የሚጠብቁልን ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ነበሩ፤ ግቢው የብዙ ቤት ስለሆነ፣ ክፍት ትቶት የሄደውን ሁሉ «የሙሌን በር ማነው የተወው!» እያሉ ይቆጡ ነበር።

እማዬ ስትታመም እኔ ከአራተኛ ክፍል ቀረሁና መቀነቱ ወደ እኔ ወገብ ዞረ። ልትሞት ስትል «ልጄ፣ ቋጠሮውን አታጥብቂበት፤ ያመዋል» አለችኝ፤ ሌላ ኑዛዜ አልነበራትም። አግብቼ ወልጄም እንደታሰርን ኖርን። በኋላ ሰፈራችን ፈረሰና ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሰን። እዚያ እትዬ ዘሃራ የሉም፤ ሙሌም የእኔን ሁለት እጥፍ የሚያክል ሰው ሆኗል። አንድ ቀን ከሩቅ ደወል ሰምቶ በበረንዳው ብረት ላይ እግሩን ሲያሻግር፣ መቀነቱ እኔንም ጎትቶ ብረቱ ላይ ደፋኝ። ልጆቼ ቀሚሴን ይዘው ሲጮኹ ጎረቤት ደርሶ ሁለታችንንም መለሰን። ልጆቼ እናታቸው ስትወድቅ ሊያዩ እንደነበር ሳስብ ሌላ መላ ማፈላለግ ጀመርኩ።

አፍንጮ በር አካባቢ እንደሱ ያሉትን አሳድሮ የሚንከባከብ ቤት አለ ሲሉኝ ይዤው ሄድኩ። የተቀበለችን ልጅ «እናቴ፣ ይፍቱት፤ እዚህ አይታሰርም» አለችኝ።

«ቢሮጥስ?»

«ይሩጣ! ግቢው ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?»

ፈታሁት። ሮጦ አጥሩ ድረስ ሄደ፣ ግንቡን ዳበሰው፣ ተመልሶም ፊቴ ቆመና እንደየጠዋቱ እንዳስረው ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። እኔ ማየት አቃተኝ። ክንዱን ይዛ ቀስ ብላ ያወረደችለት ልጅቷ ነች።

ያኔ የሙሌ አጥር የእናቴ ወገብና የጎረቤት ዓይን ነበር፤ ዛሬ ግንብ አለው፣ ተራ ገብተው የሚጠብቁት ሰዎች አሉት። እሑድ እሑድ ስሄድ ደወሉ ሲደወል ግንቡን ታክኮ ድምፁን ሲከተል አየዋለሁ፤ ከፊቱ መኪና የለም። መቀነቱን አጥቤ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ወገቤ ባዶውን መዋል ገና አልለመደም። ግን ወንድሜ ደኅና ነው። እኔም ከልጆቼ ጋር ደኅና ነኝ።