የእትዬ የኔነሽ ኢሜል

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ምንይሉን የማያውቅ ቢኖር እንኳ ግድግዳውን ያውቃል። ኢንተርኔት ቤቱ ከአንድ ሱቅ አይበልጥም፤ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚያኮርፍ አንድ የስልክ መስመር ነው ያለው። ግድግዳው ግን ሌላ ጉድ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት፣ ገበያተኛው ገና ከተማ ሳይገባ፣ ምንይሉ አንድ ሉክ ወረቀት ያወጣና «የሳምንቱ ምክር» ብሎ በትልልቁ ይጽፋል። ከዚያ በታች የሚጽፈው እንደ ሳምንቱ ነው።

«ገጹ አልከፈት ካላችሁ ሥዕሎቹ እንዳይመጡ አድርጉ፤ ጽሑፉ ቶሎ ይደርስላችኋል።» «ደብዳቤያችሁን መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ ጽፋችሁ ጨርሱ፤ መስመሩ ሲቋረጥ ልፋታችሁ ውሃ አይበላውም።» «ሚሊዮን ዶላር ደርሶሃል የሚል ኢሜል ከመጣላችሁ ሳታነቡ ደምስሱት። የማያውቃችሁ ሰው ሚሊዮን የሚሰጣችሁ ምን ቤት ናችሁ?» «ስትነሱ ከኢሜላችሁ ውጡ! ሳይወጡ የተነሱበት ኢሜል በሩ ተከፍቶ የታደረበት ቤት ነው።»

አቤት፣ ምክር ሲወድ! ሰው ወንበር ሳይስብ ይመክራል፤ ሰው ሒሳብ ከፍሎ በር ላይ ደርሶም ይመክራል። የመጣው ከኮምቦልቻ ነው፤ አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። እሱ ግን ከማሽን ጋር የተዋወቀው በሌላ መንገድ ነው። ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ በታይፕራይተር ማመልከቻ ሲጽፍ ስምንት ዓመት ኖረ። በ1996 ዓ.ም. ያጠራቀማትን ይዞ፣ ከሚስቱ ከሀኒ ወንድም ተበድሮ፣ ኢንተርኔት ቤቱን ከፈተ። ስለ ኮምፒውተር የተጻፈ ነገር ከአዲስ አበባ የሚያስመጣው በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ነው፤ ያነበበውን ደግሞ ሳይለጥፍ አያድርም።

ፊደል ላልቆጠረ ሰው ኢሜል የሚከፍተውም እሱ ነበር። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን በቃሉ መያዝ ስለማይችል ምንይሉ በአንድ ደብተር ላይ ይመዘግበዋል። ሰውየው ይመጣል፣ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ምንይሉ ይከፍትና ያነብለታል፤ መልሱን እየሰማ ይጽፍለታል። ደብተሩን የሚያስቀምጠው ቁልፍ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ታዲያ በ1997 ዓ.ም. አንድ ጥፋት አጠፋ። ጀማሉዲን የሚባል የሐርቡ ልጅ መጥቶ፣ «የእህቴን የጣይባን ኢሜል አንድ ጊዜ ክፈትልኝ፤ ለቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለው። ወንድም ነው ብሎ ከፈተለት። እህትየው ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ከአንድ ጎረምሳ ጋር በኢሜል የምትጻጻፍ ኖራ። በሳምንቱ ጣይባ ፊቷ በዱላ አብጦ በሩ ላይ ቆመች። «አደራ ነበር የሰጠሁህ» አለችው። «ወላሂ፣ አላህ ይጠይቅሃል።» ከዚያ ወዲያ ተመልሳ አልመጣችም። ምንይሉ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን በቀይ እስክሪብቶ ጻፈና ከምክሮቹ ሁሉ በላይ ለጠፈው፤ «ባለቤቱ ሳይቀመጥ የማንም ኢሜል አይከፈትም።» ይህን ቃሉን ሰው ቢለምነውም ቢቆጣውም አላጠፈም።

ከደብተሩ ሰዎች አንዷ እትዬ የኔነሽ ነበሩ። የቦሩ ሜዳ ገበሬ ናቸው፤ ሰኞ ሰኞ ገብስና እንቁላል ይዘው በሚኒባስ ይመጡና ገበያውን ሲጨርሱ ቀጥ ብለው ወደ ምንይሉ ነው። አንድ ልጃቸው ወንድምአገኘሁ ኮምቦልቻ በቀን ሠራተኝነት ቆይቶ፣ ሥራው ሲጠፋ ጅቡቲ ወርዶ ወደብ ላይ ጭነት ይሸከማል። ለእናቱ ይጽፋል፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል እያደረገ። ምንይሉ ያንን እየፈታ ሲያነብ እትዬ የኔነሽ ጆሯቸውን ወደ እሱ ሳይሆን ወደ ኮምፒውተሩ ያስጠጋሉ። «ቀስ በል እንጂ፣ ልጄ ሲያወራ እንዲህ አይጣደፍም» ይሉታል።

በየካቲት 1998 አንድ ሰኞ ልጁ እንዲህ ሲል ጽፎ አገኙ። «እናቴ፣ ጓደኞቼ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን እንሻገር ይላሉ። ደላላው ተገኝቷል። እኔ ግን አንቺ እሺ ሳትዪኝ ጀልባ አልረግጥም። ብቻ ጻፊልኝ። ዝም ካልሽኝ ልቤ አይረጋም።»

እትዬ የኔነሽ ተነሥተው ቆሙ። «አትሻገር በለው! በጠባኸው ጡቴ ይዤሃለሁ በለው! አባትህ ታሟል፤ ትንሽ ቀና ካለልኝ ወይፈኑን ሸጬ መመለሻህን እልካለሁ፤ እስከዚያ ከዚያችው እንዳትነቃነቅ በለው። በየሰኞው እጽፍልሃለሁ በለው።»

ምንይሉ አንድም ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ጻፈው። የሚልከው እንደ ልማዱ ነው፤ የልጁ ደብዳቤ ሥር ያለውን የመልስ ቁልፍ ይጫናል፣ ይሄዳል። የልጁን አድራሻ ለብቻው ጽፎ አያውቅም። ሰውን «አድራሻ በወረቀት ያዙ» እያለ የሚመክር ሰው! እሱ ግን የት ይሄድብኛል ብሎ ነው።

ሐሙስ ዕለት የእትዬ የኔነሽ ባል አቶ ሞላ ዐረፉ።

ምንይሉ ቀብር ሄደ፤ አልቅሶ ተመለሰ። በዚያ አገር ባሏ የሞተባት ሴት የአርባ ቀኑ ተዝካር ሳይወጣ ገበያ አትወጣም፤ ብትወጣ አገር መሳቂያ ያደርጋታል። ምንይሉ ይህን ያውቃል። ሌላም የሚያውቀው ነገር አለ፤ ራሱ ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈው። «ኢሜላችሁን በወር አንዴ ክፈቱት! ሠላሳ ቀን ያልተከፈተ ኢሜል ይዘጋል፤ ውስጡ ያለው ደብዳቤ ሁሉ ይጠፋል፤ የሚላክላችሁም ወደ ላኪው ይመለሳል።»

መጀመሪያ አላሰበውም። ሁለት ሰኞ ካለፈ በኋላ ግን በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ማታ ቤቱ ገብቶም ቆጠረ። ሀኒ አየችውና፣ «ምን ሆነህ ነው?» አለችው። ነገራት።

«ታዲያ ደብተሩ አንተ ዘንድ አይደል?» አለች። «ክፈትና መልሰህ ዝጋው! አታንብበው።»

«ባለቤቷ ሳይቀመጡ?»

«አይ አንተ ሰውዬ! ይህ እኮ እንደ ጣይባ አይደለም። ይህ ለእሳቸው ነው።»

«ያኔም ለቤተሰብ ነው ተብዬ ነው የከፈትኩት» አለ። እውነቱን ነው፤ ግን እውነት ሁሉ በቦታው አይውልም። ሀኒ ተናደደችና፣ «እንግዲያው ሂድና ጠይቃቸው፤ አንዲት ቃል ናት» አለችው። በዚህ ተስማማ።

ለቅሶው በዋለ በሃያ አራተኛው ቀን፣ ሱቁን ዘግቶ ቦሩ ሜዳ ወጣ። ስድስት ቀን አልቀረም፤ ሦስት ብቻ ነው የቀረው፣ ኢሜሉ የተከፈተው ከሞቱ በፊት ሰኞ ዕለት ነውና። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያጠና ሄደ። ቤቱ ሲደርስ የጎረቤት ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል፤ ቄሱም አሉ። እትዬ የኔነሽ ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ ነበሩ። ገና በሩ ላይ ሲያዩት ቀና አሉ። ምንይሉ «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ንፍሮ ተሰጠው፣ ቆነጠረ። ቃሏ ምላሱ ላይ ነበረች፤ አፉን በከፈተ ቁጥር አንዷ ሙሾ ታወርዳለች፣ ወይም ቄሱ አንድ ነገር ይላሉ። ሴቶቹ ሲያዩት ላብ አጠመቀው። «ሰውየው ባሏን ቀብራ ለተቀመጠች ሴት የኮምፒውተር ወሬ ይዞ መጣ» ሲሉ ተሰማው፤ ማንም እንዲህ አላለም እኮ፣ እሱ ነው የሰማው። የምሽቱ ሚኒባስ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ደግሞ እግዜር ያጽናዎት ብሎ ወጣ። እትዬ የኔነሽ በዓይናቸው እስከ በሩ ሸኙት።

እኔ በበኩሌ ይሉኝታ የሚሉትን ነገር እረግማለሁ። ስንቱን ቤት ነው የዘጋው!

ሠላሳኛው ቀን ሲመሽ ምንይሉ መሳቢያውን ከፈተ፣ ደብተሩን አወጣ፣ የእትዬ የኔነሽን ገጽ ገለጠ። ከፊቱ ቀዩ ጽሑፍ አለ። ደብተሩን ከደነና ቆለፈበት። «የታመንኩበትን አላፈርስም» አለ ለራሱ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም።

ተዝካሩ በወጣ በማግስቱ እትዬ የኔነሽ ጥቁራቸውን እንደለበሱ መጡ። ምንም ሳይሸጡ፣ ገበያም ሳይረግጡ። «ክፈትልኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «ልጄ አባቱ መሞቱን አልሰማም። እንዴት ብለን እንደምንነግረው አንተ ታውቃለህ።»

ምንይሉ የይለፍ ቃሉን ጻፈ። ገጹ እየተንቀራፈፈ መጣ። እንዲህ ያለ ኢሜል የለም ይላል። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ያንኑ አለው። ክው አለ።

«ምን ይላል?»

«ተዘግቷል፣ እትዬ።»

«ክፈተዋ!»

እንዴት ይንገራቸው? እንደ ምንም ብሎ ነገራቸው። የሁለት ዓመቱ ደብዳቤ መጥፋቱን፣ ልጁ ወደብ ላይ የተነሣት ፎቶ መጥፋቷን፣ የልጁም አድራሻ እዚያው ውስጥ መቅረቱን። «ደብዳቤውስ ይቅር፤ ፎቶውም ይቅር» አሉ። «አሁን ልጄ ዝም አለችኝ ይላል። አሁን ይሻገራል።» አልጮሁም፤ ምንይሉ ቢጮሁበት ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ሱቁን ለሀኒ ትቶ ኮምቦልቻ ወረደ። ጅቡቲ የሚወርዱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ምሳ የሚበሉበትን ቦታ ያውቃል። አሥራ አንድ ወረቀት በእጁ ጽፎ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። «ለወንድምአገኘሁ ሞላ፣ የቦሩ ሜዳ ልጅ፣ ወደብ ላይ ጭነት ለሚሸከመው። እናትህ ደህና ናት። ዝም ያለችህ ኢሜሏ ተዘግቶ ነው። አትሻገር።» ከታች የሱቁን ስልክ ጻፈ። ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየሄደ፣ ሾፌሮቹን በየእምነታቸው እየለመነ ሰጠ። አንዱ ሳቀበት፤ ሌላው ግን «አብሽር ወንድሜ፣ ወደቡ ላይ እያንዳንዱን እጠይቃለሁ» አለው። በሚቀጥለው ሳምንትም ወረደ፣ በሚቀጥለውም። ግድግዳው ላይ አዲስ ምክር መለጠፍ ትቶ ነበር፤ ደንበኛው ሲጠይቀው «አላነበብኩም» ይላል።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ከሲታ ልጅ ሱቁ ገባ። ጀላል እባላለሁ አለ፤ የሐርቡ ልጅ ነው፣ ከወንድምአገኘሁ ጋር አንድ ክፍል ይኖር የነበረ። እጁ ላይ ከአሥራ አንዱ ወረቀቶች አንዷን ይዟል። ምንይሉ ወረቀቷን ሲያይ ደስ ብሎት ዘሎ ተነሣ። የልጁን ፊት ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

«እናቱ አትሻገር ያለችው ደርሶት ነበር» አለ ጀላል። «እሺ ብሎ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ጻፈ፣ መልስ የለም። ሦስተኛውን ሲጽፍ ተመለሰበት፤ አራተኛውም። እናቴ ተቀይማኛለች፣ ወይ አንድ ነገር ሆናለች አለ። አሥር ቀን በየቀኑ ኢንተርኔት ቤት ሲመላለስ አይቻለሁ። እኔ ወባ ይዞኝ ቀረሁ። እነሱ ተሻገሩ።» ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ጀልባዋ አልደረሰችም። ሾፌሩ ይችን ወረቀት የሰጠኝ በተሻገሩ በአራተኛው ቀን ነው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ምንይሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ኮምፒውተር ላይ የነበሩት ሰዎች ሒሳባቸውን ጠረጴዛ ላይ እየተዉ አንድ በአንድ ወጡ።

መርዶውን ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ይዘው ሄዱ፤ ምንይሉ ከኋላቸው ነበር። በዚያች ቤት ዳግመኛ ድንኳን ተተከለ፤ በዚህኛው ግን የሚቀበር አልነበረም። ሦስተኛው ቀን ሲያልፍና ሰዉ ሲሳሳ፣ ምንይሉ እትዬ የኔነሽ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው። ደብተሩ እጁ ላይ እንደነበር፣ ሠላሳውን ቀን እንደቆጠረ፣ መክፈት ሲችል እንዳልከፈተ፣ አንድም ሳይደብቅ።



«በሃያ አራተኛው ቀን መጥተህ እዚህ አጠገቤ አልተቀመጥክም?» አሉት።

«ተቀምጫለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«አፈርኩ፣ እትዬ። በባልዎ ለቅሶ ላይ ይህን ማንሳት ነውር መሰለኝ።»

እትዬ የኔነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እኔም» አሉ፣ «ገና በሩ ላይ ሳይህ ልጄ ምን አለ ብዬ ልጠይቅህ ነበር። ባሏ ሳይረሳ ወሬ ትጠይቃለች ይሉኛል ብዬ አፈርኩ።»