የጁዋይሪያ ፍንጭት

ሙስሊማ ቀኑን ሙሉ ገበያ ቆማ ልባሽ ሹራብ ስትሸጥ ውላ ሰሜን ክፍለ ከተማ ያለው ቤቷ ስትደርስ እግሯ አልታዘዝ ይላታል። ጎኗን ከማሳረፏ በፊት ግን አንድ ሥራ አለባት፤ የልጇን የጁዋይሪያን አፍ አስከፍታ፣ ላንቃዋ ላይ የተገጠመውን ብረት በትንሽዬ ቁልፍ አንዴ ማዞር። ብረቱ የጠበበውን የላይኛውን መንጋጋ ቀስ በቀስ ያሰፋል።

ይህ በስምንት ዓመቷ ማለቅ የነበረበት ጉዳይ ነው። ጦርነቱ መጣ፣ ክሊኒኩ ተዘጋ፣ ሙስሊማ ከወሎ መጥታ ያቋቋመቻት ንግድም ተበተነች። አሁን ጁዋይሪያ አሥራ ሦስት ሞልቷታል፤ የላይ ጥርሶቿ ከታቾቹ ጋር አይገጥሙም፣ የምትተኛውም አፏን ከፍታ ነው። ክሊኒኩ ዳግም ሲከፈት ብረቱን የገጠመላት ዶክተር ኣረፋይነ እቅጩን ተናግሯል፤ «አጥንቱ ከደረቀ ይህ ብረት አይከፍተውም። ያኔ ኦፕራሲዮን ነው፣ እሱም አዲስ አበባ።» ሙስሊማ አዲስ አበባ የምታውቀው ሰው የለም።

ማዞር በጀመሩ በዘጠነኛው ቀን የፊት ጥርሶቿ መሃል ክፍተት ታየ። ጁዋይሪያ መስታወት ይዛ ዘለለች፤ «እማ፣ እንዳንቺ ፍንጭት ሆንኩ! በአላህ ይብቃን፣ ከዚህ በላይ ከሰፋ ያስጠላል።»

ሙስሊማ በዕድሜዋ የተወደሰችበት ነገር ቢኖር ያቺ ፍንጭቷ ናት። አላመነታችም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ለማመንታትም አቅም አልነበራት። ቁልፉን ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወረችው።

ከአሥር ቀን በኋላ ፍንጭቱ መጥበብ ጀመረ። ጁዋይሪያ እያለቀሰች እናቷን ክሊኒክ ጎተተቻት።

ዶክተሩ አይቶ በረጅሙ ተነፈሰ። «ኣየ ሓፍተይ! አይ እህቴ፣ ክፍተቱ አጥንቱ መከፈቱን ያሳያል እንጂ እኛ የፈለግነው እሱን አይደለም። እሱ በራሱ ይዘጋል። የኋላ ጥርሶቿ ገና ከታቾቹ ጋር አልገጠሙም፤ ዛሬውኑ ማዞር ጀምሩ።» ከዚያ የሙስሊማን አፍ ትኩር ብሎ አየ። «ያንቺም ጠባብ ነው እኮ። ጠዋት ስትነሺ ይደክምሻል?»

«ገበያው ነው» አለች።

«ገበያው ብቻ አይመስለኝም፤ መንጋጋ ሲጠብ ትንፋሽ ያጥራል፣ እንቅልፉም አያሳርፍም። ያንቺ አጥንት ግን ደርቋል።»

አመሻሹ ላይ ጁዋይሪያ ከንፈሯን ገጥማ እምቢ አለች። «የሚዘጋ ከሆነ ለምን ያመኛል? እኔ እንዳንቺ መሆን ነው የፈለግሁት።»

ሙስሊማ ቁልፉን እንደያዘች አጠገቧ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ ፍንጭቷን አይቶላታል። በአንድ ጎኗ ብቻ እንደምታኝክ፣ ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ሳታርፍ አድራ እንደምትነሳ ግን ባሏ እንኳ ጠይቋት አያውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚነሳ ይመስላት ነበር።

«እኔን አትሁኚ» አለቻት ቀስ ብላ። «ክፈቺ።»

ጁዋይሪያ እናቷን አየቻትና አፏን ከፈተች።