መቂ ላይ የተፈረደብኝ ነፍስ ግድያ

ከለገሃር ወደ አዳማ

በጥር ወር አንድ ማለዳ ከለገሃር በባቡር የተሳፈርኩት አንድ ሽማግሌ ከነፍስ ግድያ ነጻ ላወጣ ነው። ዳኛ አይደለሁም፤ ጠበቃም አይደለሁም። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ከማታው ሥራዬ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሜ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ባሻ ተሰማ የሚባል ሰው አለ። ከወዳጁ ጋር ጠጅ ሲጠጣ አምሽቶ አዋሽ ዳር ያድርና ጠዋት ሲነቃ ኩታው ደም በደም ሆኗል፤ ወዳጁ የለም። ባሻ ማታ ያደረገውን ለማስታወስ ቢሞክር ምንም አልመጣልህ ይለዋል። «ገድዬው ይሆን?» እያለ ሲብሰለሰል መጽሐፉ ያልቃል። ገዳዩን ያልገለጽኩት አንባቢ ራሱ ያውጣ ያውርድ ብዬ ነው። በዚህ ብልሃቴም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር።

ደረቴ እንደተነፋ የቆየው መሐመድ ኑር ቤቴ እስኪመጣ ድረስ ነው። መሐመድ የወሎ ተወላጅ ነው፤ አዳማ ላይ ጨርቅና ጨው ይነግዳል። መጽሐፌን በሱቁ ደጃፍ ለጎረቤቶቹ ጮክ ብሎ ያነብባል። ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሲመጣ ጎራ አለና ተቀመጠ።

«ሰው ወደደው?» አልኩት ቸኩዬ።

«መውደድስ ወዶታል። አንድ ነገር ግን አበላሽተሃል። እኛ ሰፈር ባሻ ተሰማ የሚባሉ አዛውንት አሉ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሰውየው በጉልምስናቸው አህያ እየነዱ አዋሽን ሲመላለሱ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። አሁን አርጅተው ምሳ መብላታቸውን እንኳ የሚረሱ ሆነዋል። ታዲያ መሐመድ ሲያነብ ስማቸውን ሰሙና «ያ ሰው እኔ ነኝ» ብለው ተነሡ። ቢነግሯቸው ቢነግሯቸው አልሰማ አሉ። ልጃቸውን ጥለው ዝዋይ ደሴት ገብተው ሊመንኩሱ ቆርጠዋል።

«በዚያ አቅማቸው መንገድ ላይ ይቀራሉ» አለኝ። «የጻፍከው አንተ ነህ፤ መጥተህ አንተው አስረዳቸው።»

በማግስቱ አብረን በሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርን። አቃቂን ሳናልፍ መሐመድ ደራሲው እኔ መሆኔን ለፉርጎው ሁሉ አወራ። ዶሮዎቿን በጉያዋ ያቀፈች አንዲት ሴት መጽሐፉ ሲነበብ ሰምታ ኖሮ ዞር ብላ አየችኝ።

«ገዳይዋ ሚስትየዋ ናት» አለችኝ።

«በመጽሐፉ ውስጥ ሚስት የለችም እኮ» አልኳት።

«እሱን ነው የምልህ! የት ሄደች?»

ከፊት ለፊቷ የተቀመጠ ካኪ ለባሽ ደግሞ ጢሙን እያሻሸ «ዳኛ የሌለበት የግድያ መጽሐፍ ምን መጽሐፍ ነው?» አለ። ሌላው «ባሻ አልገደለም፤ ወዳጁ ዕዳ ሸሽቶ ነው የጠፋው» ብሎ ተነሣበት። ዱከምን ያለፍነው በዚህ ክርክር መካከል ነው። ቢሾፍቱ ስንደርስ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በአንድ መሐለቅ ገዝቼ ለሁሉም አካፈልኩ፤ ሲያላምጡ ትንሽ ያርፉልኛል ብዬ ነው። በሞላ አፋቸው ቀጠሉ። ሞጆን ስናልፍ ሙቀቱ በረታ፤ ካባዬን አውልቄ ተቀመጥኩበት። ከመስኮቱ ውጭ ግራር ብቻ ነው፣ ከግራሩ ሥር ደግሞ ጥላ የሚሻሙ ፍየሎች።

አዳማ

አዳማ ከባቡር ጣቢያው ወዲህና ወዲያ የበቀለች አቧራማ ከተማ ናት። ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ ብዙ የሣር ክዳን፣ አንድ የግሪክ መሸታ ቤት አላት። አማርኛውና ኦሮምኛው በአንድ አፍ ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ፤ ባለሱቁ በአንዱ ሰላምታ ሰጥቶ በሌላው ዋጋ ይከራከራል።

መሐመድ በቀጥታ ወደ ባሻ ቤት ወሰደኝ። ልጃቸው ወይዘሮ አስካለ ደጃፍ ላይ ስንዴ ትለቅማለች። ማንነቴን ሲነግራት ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች።

«አባቴን ነፍሰ ገዳይ ያደረግኸው አንተ ነህ?»

«እኔ እንኳ የጻፍኩት ስለ ሌላ...»

«ስንት ስም ሞልቶ የአባቴን ስም ምን አስነካህ?»

ባሻ ከትናንት በስቲያ፣ እሷ ገበያ ስትወጣ ጠብቀው፣ ወደ መቂ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ጋር ሄደዋል። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ተሰበረ፤ እኔም ያን ጊዜ ነው የምር የደነገጥኩት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ነገሩ ለጨዋታ የሚሆን ወግ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አስካለ ገብታ አንድ ወፍራም ጋቢ አመጣችና ክንዴ ላይ ጣለችው።

«ረስቶት ነው የሄደ። መጀመሪያ አልብሰው፤ ከዚያ ትለምነዋለህ» አለችኝ።

ወደ መቂ

ሁለት በቅሎ ተከራይተን በማለዳ ወጣን። አዋሽ መሻገሪያ ስንደርስ መሐመድ በቅሎውን አቁሞ ውሃውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ውሃውን አየ። በመጽሐፌ ውስጥ አዋሽ እዚህ ላይ ያገሣል፣ ዛፍ ነቅሎ ይወስዳል። ፊታችን ያለው ውሃ የበቅሎዋን ጉልበት አልደረሰም።

«ሰውየው የጠፋው እዚህ ነው?» አለኝ።

«በክረምት ይሆናል...»

«በመጽሐፉ ጥር ነው ብለሃል። አንተ ይህን ወንዝ አይተኸው ታውቃለህ?»

አላየሁትም ነበር። መሐመድ እስከ ማዶ እየሳቀ ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሜዳ ለጥ ያለ ነው። ማታ ያሳደሩን አንድ አርሶ አደር ገንፎ በቅቤ አቀረቡልን፤ እሳቸውም መጽሐፉን በወሬ ሰምተዋልና ገዳዩን ካልነገርከኝ ብለው ድርቅ አሉ። አላውቅም ብላቸው «ታዲያ ምን ልትሠራ ጻፍከው?» አሉኝ። እስካሁን ከተሰነዘሩብኝ ነቀፌታዎች ሁሉ ይህኛው ነው ያመመኝ።

የዛፉ ሥር ችሎት

በሁለተኛው ቀን መቂ ደረስን። ባሻን መንገድ ላይ ደክመው ወድቀው አገኛቸዋለሁ ብዬ ስሰጋ፣ በመቂ ወንዝ ዳር ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር በሽማግሌዎች ተከበው ተቀምጠዋል። ለካ እዚያ እንደደረሱ እጃቸውን ሰጥተው ኖሯል! «ከመመንኮሴ በፊት የደም ካሳዬን ልክፈል፣ ከሟች ወገን አስታርቁኝ» ብለው። በአካባቢው ነፍስ ያጠፋ ሰው በሽማግሌ ፊት ካሳ ከፍሎ ይታረቃል፤ ጉማ ይሉታል። ሽማግሌዎቹም ደግ ሆነው የሟችን ዘመድ በየመንደሩ አስጠይቀዋል። የሚገኝ ከየት ይምጣ?

እንደታዘዝኩት መጀመሪያ ጋቢውን አለበስኳቸው። «ውይ፣ የኔን ይመስላል» አሉ ደስ ብሏቸው። ከዚያ ተንበርክኬ፣ ታሪኩ ከራሴ ያወጣሁት ፈጠራ እንደሆነ ነገርኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ልታድነኝ ብለህ ነው፣ ልጄ። ዳዊት የታተመ ነው፤ አዋጅ የታተመ ነው። የታተመ ነገር ሐሰት ይሆናል?»

«እሺ፣ እርስዎ እንደዚያ ያለ ወዳጅ ነበረዎት?»

«ስንት ወዳጅ ነበረኝ! ስማቸው ነው የጠፋኝ» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ከነሱ አንዱን ገድዬ ቢሆንስ?»

ይህን ፍርሃት በመጽሐፌ ውስጥ አሳምሬ ጽፌዋለሁ ባይ ነበርኩ፤ ፊት ለፊት ሳየው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ጊዜ የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ገመዳ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«መጽሐፉን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎን፣ አባቴ።»

«ሟቹን ወንዝ ዳር ያመጣው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ባሻን ጠጅ አጠጥቶ ያሰከረው?»

«እኔ።»

«ኩታቸውን ደም የቀባው? ትዝታቸውን የወሰደባቸው?»

«እኔው ነኝ።»

ኦቦ ገመዳ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ታዲያ ሌላ ገዳይ ለምን እንፈልጋለን?»

ዋርካው ሥር ሳቅ ሆነ። ኦቦ ገመዳ ግን ፈገግም አላሉ። ባሻን በእርጋታ «እርስዎ እዚያ አልነበሩም፤ ይህ ልጅ ነው ሁሉንም ያደረገው። በፊታችን አምኗል» አሏቸው። ባሻ አፍጥጠው አዩኝ።

«አንተ ነህ የገደልከው?»

ዞር ብዬ መሐመድን አየሁት፤ «እመን» እንደማለት አንገቱን ነቀነቀ። «አዎን፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ኧረ ምነው ልጄ!» አሉ ባሻ፣ ከልባቸው አዝነው። ወዲያው ግን ከትከሻቸው ላይ አንድ ነገር ወርዶ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። ቀና ብለው ተቀመጡና «ርቦኛል» አሉ።

የተፈረደብኝ አንድ ሙክት በግ አርጄ ባሻን ይቅርታ እንድጠይቅ ነው። በጉን አንድ ክርስቲያን ነጋዴ ባረከልን፤ ኦቦ ገመዳና መሐመድ የክርስቲያን እርድ ስለማይበሉ ወተት ቀረበላቸው። መሐመድ «ገዳዩን ያመጣሁ እኔ፣ ሥጋው ያመለጠኝም እኔ» እያለ አጉረመረመ። ባሻ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለኔ ሰጡኝ። «በል፣ ከእንግዲህ ሰው አትግደል» አሉኝ። አልገድልም ብዬ ዋርካው ሥር ማልኩ።

መልስ

ባሻን በቅሎዬ ላይ አስቀምጬ፣ እኔ በእግሬ እየተከተልኩ አዳማ ገባን። አስካለ አባቷን አገላብጣ ሳመች፤ እኔን ደግሞ ገርመም አድርጋ ካየችኝ በኋላ ምሳ አቀረበችልኝ። ያስጨነቀን አንድ ነገር ብቻ ነበር። መንገድ ላይ ባሻ ሦስት ጊዜ «ያን ሰው ገድዬው ይሆን?» ብለው ጠይቀውኛል። ፍርዱንም ይረሱታል ማለት ነው። ኦቦ ገመዳ ይህን አስቀድመው ያሰቡ ይመስለኛል፤ የበጉን ቆዳ ጠቅልለው አስይዘውናል። አስካለ አለፋችውና ከባሻ መደብ ላይ አነጠፈችው።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ሁለተኛ መጽሐፌን ጀምሬአለሁ። በዚህኛው ውስጥ የሚሞት ሰው የለም፤ ወንዙንም ሄጄ አይቼዋለሁ። አንባቢ የሚባለው ሕዝብ መሸታ ቤትና ፉርጎ ውስጥ የሚከራከር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያነበበውን ይዞ ስንቅ ሳይቋጥር መንገድ የሚወጣም አለ። አሁን ለአንድ ሰው ስም ከማውጣቴ በፊት እዚያ አገር በዚያ ስም የሚጠራ ሽማግሌ እንዳለ ሰው እጠይቃለሁ፤ መሐመድ ይስቅብኛል።

ባለፈው ሳምንት መጥቶ ስለ ባሻ አጫወተኝ። ጠዋት ከእንቅልፋቸው ሲነቁ አጎዛውን እየዳሰሱ «ይህ የምንድን ነው?» ይላሉ። አስካለም «የደም ካሳ ነው፣ አባዬ። ገዳዩ የከፈለው» ትላቸዋለች። «ማን ነበር ገዳዩ?» ሲሉ «አንድ የአዲስ አበባ ሰው» ትላለች።

ይህን ጊዜ ባሻ ትንሽ ያስቡና «ምስኪን! እግዜር ይቅር ይበለው» ብለው ቁርሳቸውን ይበላሉ። በማግስቱም እንደገና ይጠይቃሉ፤ እንደገናም ይምሩኛል።