በከሰል የተጻፈው የክርስትና ስም

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ስሙን ግድግዳ ላይ መጻፍ የጀመረው ደሴ ነው። ሌላ ሰው ነው የሚለኝ ካለ አልሰማውም፤ ከሰሉን ከምድጃዬ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ደሴ የጭልጋ ሰው ነው፤ ድቁናውን ትቶ ያርስ ነበር። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሲሰደድ ሚስቱ ሣህሊቱ መተማ ላይ በሰው ግርግር ጠፋችበት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቢሆንም የሚያነብላት አታጣም ብሎ ከድንኳኖቻችን አጠገብ ባለው የእህል መጋዘን ግድግዳ ላይ «ወልደ ጊዮርጊስ፣ ጭልጋ» ሲል ጻፈ።

«ምነው ጃል፣ ደሴ በል እንጂ! በዚህ ማን ያውቅሃል?» አልኩት።

«እዚሁ ብቀር ቄሱ በምን ስም ይፍታኝ? ሣህሊቱ እንደሁ የክርስትና ስሜን ታውቃለች።»

ተውኩት። ያን ጊዜ ለክርክርም ጉልበት አልነበረንም።

ወር ሳይሞላ ግድግዳው ጠቆረ። ዘመድ የጠፋበት ሁሉ ስሙን ከነአገሩ ጻፈ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ወዳለበት ድንኳን የሚጠቁም ቀስት ጨመሩበት። ኋላማ ጎረምሶቹ የሚፈልጉት ሰው ሳይኖር፣ የስማቸውን ፊደል ጅራት እያወጡለት የጭነት መኪና በር ላይ ሳይቀር ይጽፉት ጀመር። አንዱን ለምን ብለው «መኖሬ እንዲታወቅ ነዋ» አለኝ። ተናደድኩ። የመጋዘኑ ባለቤት ኢስሃቅ «ኸላስ! በቃችሁ!» እያለ በኖራ ያስቀባዋል፤ ደሴ ኖራው ሳይደርቅ ስሙን ይደግመዋል። እንዲህ ሲለፋ ዓመት ሊሞላው ሆነ።

ክረምቱ ሲወጣ ፋናዬ የምትባል ያገራችን ሴት፣ ቁረይሻ የሚባል የእርሻ ቦታ ማሽላ ስታርም ከርማ መጣች። ደሴን ስታይ ጮኻ አማተበች።

«አንተ! አርባህን በልተን የለም እንዴ?»

ለካ ሣህሊቱ ገና ቀስቱ ሳይጨመር ገዳሪፍ ደርሳ፣ እዚያው ግድግዳ ሥር ቆማ መንገደኛ አስነብባ ኖሯል። የሰማችው የክርስትና ስሙን ነው። ባገራችን ደሴን በዚያ ስም የሚጠራው ቄስ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ያን ሰሞን በየቀኑ የምትሰማው ፍትሐት ነበር። የተጻፈው የሙታን ስም መሰላት። እዚያው ደረቷን ደቃች፤ ጸጉሯን ተላጭታ ቁረይሻ ወረደች።

«ብቻዋን መኖር አቃታት» አለች ፋናዬ ዓይኗን ሰብራ። «አግብታለች። ነፍሰ ጡር ናት።»

«ተነሥ፣ እንሂድ! ሚስትህ እኮ ናት!» አልኩት።

ደሴ አልተነሣም። ወደ ፋናዬ ዞረ።

«አንዴ አልቅሳ ጨርሳለች» አላት። «እንዳትነግሪያት።»