ፀሐይ ላይ የተሰጣች ሸክላ

ይህችን የዘፈን ሸክላ ጠረጴዛ ላይ አስተካክዬ ባስቀምጣትም አንድ ጎኗ ብድግ ይላል። ትናንት ይዣት ደሴ ሄጄ ነበር። ከዐረብ አገር ከተመለስኩ ወዲህ ጥራት ያለው የሸክላ ማጫወቻ ልግዛ ወይስ እንደ ሰው ሁሉ ዘፈኑን ከኢንተርኔት በስልኬ ልስማ እያልኩ ስወላውል ከርሜያለሁ። የማጫወቻ ሻጩ ሸክላዋን ዓይኑ ሥር አጋድሞ አየና፣ «እህቴ፣ ይሄማ ጎብጧል። እንዲህ ያለ ውድ ማጫወቻ ላይ ቢቀመጥ መርፌውን ነው የሚጎዳው» አለኝ። ማን እንዳጎበጣት አልነገርኩትም።

ያጎበጥኳት እኔ ነኝ።

አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሐይቅ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችን ለውሃው ቅርብ ስለሆነ ክረምቱ ሲወጣ ልብሱም እህሉም እርጥበት ይሸታል። መስከረም ላይ እናቴ ስንዴውን፣ ባቄላውን፣ ፍራሹን ሁሉ ደጅ ታሰጣለች። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ገበያ ስትሄድ ማስጣቱን ለእኔ ተወችልኝ። አባቴ በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያኖራት ሸክላም ሳሸታት ሻጋታ ሻጋታ አለችኝ። ውጫሌ ተወልዶ ላደገው ሰው የአገሩን ዜማ፣ አምባሰልን፣ የሚሰማባት እሷ ብቻ ነበረች። አሳዘነችኝና ከስንዴው አጠገብ ሰሌን ላይ አሰጣኋት። አንዱ ወገን ሲግል ገለበጥኳት።

ከዐስር ሶላት መልስ አባቴ ሥራውን አቁሞ ሸክላዋን ማጫወቻው ላይ አኖራት። መርፌዋ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አለች። ማሲንቆው ተንገዳገደ፤ ዘፋኙ አንዴ ይጎተታል፣ አንዴ ይሮጣል። ምን እንዳደረግኩ ያን ጊዜ ገባኝ። ከስፌት መኪናው ሥር ገብቼ፣ በዘይቱና በጨርቅ ብናኙ ሽታ መሃል ማልቀስ ጀመርኩ።

«ማናት ያሰጣቻት?»

«እኔ ነኝ አባ። ሻግታ ነበር።»

ዘፈኑ እስኪያልቅ አዳመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«ነይ ውጪ፣ አብሽሪ። የአምባሰልን ዳገት እየወጣ እኮ ነው። ዳገት ላይ የሚዘፍን ሰው ትንፋሹ እንዲህ ነው። ወላሂ፣ እኔ አውቀዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሙሉ እንደዚያው ሰማናት። ጎረቤት ከሳቀ አባቴ፣ «ዳገቱ ላይ ደርሷል፣ ቆዩት» ይል ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጥፋቴን አላነሳብኝም። በሰው አገር የቤት ሠራተኛ ሆኜ አንድ ብርጭቆ በሰበርኩ ቀን የወረደብኝን ስድብ ስሰማ ነው ምን ዓይነት ሰው እንዳሳደገኝ የገባኝ። ልነግረው አስቤ ነበር፤ ሳልመለስ አረፈ።

ዛሬ ጠዋት የእህቴ ልጅ ያንኑ ዘፈን ከስልኳ አውጥታ አሰማችኝ። ጥርት ያለ ነው፤ ዘፋኙ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል።

«አክስቴ፣ ማጫወቻ ምን ያደርግልሻል? ሁሉም እዚህ አለልሽ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔም ስልኩን መረጥኩ። አብሬ ማንጎራጎር ስጀምር ግን ድምፄ ሳላዘው ከፍ ዝቅ አለ፤ አንዱ ቦታ ላይ ተጎተትኩ፣ ሌላው ላይ ሮጥኩ። ልጅቷ ሳቀችብኝ።

«ኧረ ተሳሳትሽ አክስቴ!»

«አልተሳሳትኩም» አልኳት፣ የጎበጠችውን ሸክላ እቅፌ ውስጥ እንደያዝኩ። «ዳገቱ ላይ ደርሰን ነው። አያትሽ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆዪ።»